ከጫፉ የሚበጠር ፀጉር

እህቴ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰዓት የማየት አመል አላት። ሰዓቱ የተሰቀለው ከኋላ፣ ከበሩ በላይ ነው፤ እኛ ደግሞ የምንቀመጠው ከፊት። ስለዚህ ሰዓቱን ለማየት ወገቧን ይዛ አንገቷን ማዞር አለባት፤ ታዞራለች። በመዝሙሩ መሃል ታዞራለች፣ በስብከቱ መሃል ታዞራለች፣ ዓይናችሁን ጨፍኑ ተብሎ ሲጸለይም ታዞራለች። እጇ ላይ ግን ዝንፍ የማትል ሰዓት አስራለች። እኔ ታናሿ ነኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ አብሬያት ስለኖርኩ ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም። ከግድግዳው ሰዓት ሥር፣ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ፣ አንድ ልጇ ከሚስቱና ከትንሿ ልጁ ጋር ይቀመጣል። እትዬ የምታየው የልጅቷን ራስ ነው።

ከሀዲዱ ማዶ የሚኖሩት ሁሉ እዚያው በበሩ በኩል ነው የሚቀመጡት። እዚያ ተቀመጡ ያላቸው የለም፤ ወደ ፊት ኑ ያላቸውም የለም። ቆዳቸው ከኛ ይጠቁራል፣ ፀጉራቸው ከኛ ይጠነክራል፤ የኛ ሰፈር ሰው ስማቸውን ሳይጠይቅ "ማዶዎቹ" ይላቸዋል። አንድ ጌታ እናመልካለን፣ አንድ መዝሙር እንዘምራለን፣ ስንወጣ ግን እኛ ወደ ላይ፣ እነሱ ወደ ሀዲዱ። "እነሱም እርስ በርሳቸው መሆን ይወዳሉ" ይባላል። ሰው ስለ ሌላ ሰው ምርጫ እንዲህ እርግጠኛ የሚሆነው ጠይቆ የማያውቅ ከሆነ ነው።

እትዬ ፀጉር ሠሪ ናት። ፀጉር ቤቷ የመኖሪያ ቤታችን የፊት ክፍል ነው፤ ሁለት መስታወት፣ ሁለት የሚሽከረከር ወንበር፣ እንደ አሮጌ አውቶቡስ የሚያጓራ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ ለተራ ጠባቂ አንድ ረጅም አግዳሚ፣ ጥጉ ላይ ደግሞ የኔ ግዛት የሆነው መታጠቢያ። እኔ አጥባለሁ፣ እሷ ትሠራለች። በምላስ እኔ እበልጣታለሁ፤ በእጅ ግን በዚህ ከተማ የሚስተካከላት አልተፈጠረም። የቤተ ክርስቲያናችን ሙሽራ ሁሉ በሠርጓ ዋዜማ የምትሠራው እኛ ጋ ነው፤ ክፍያ የለም። "ሌላው ገንዘብ ይሰጣል፣ የኔ መባ ይኼ ነው" ትላለች እትዬ። ከሙሽራዋ ጋር እናቷ ትመጣለች፣ ቬሎውን ጭኗ ላይ ይዛ አግዳሚው ላይ ትቀመጣለች፣ ታለቅሳለች፤ እኔ ሶፍት አቀብላለሁ። ለስንት እናት እንዳቀበልኩ እሱ ይወቀው።

ልጇ ከማዶ ሰዎች ሚስት ሊያገባ ነው ሲባል እትዬ ምንም አልተናገረችም። ለኔ እንኳ አልተነፈሰችም፤ እንደሚያልፍ ጉንፋን ቆጠረችው። ጉንፋኑ ግን የሠርግ ቀን ቆረጠ። በዋዜማው ሙሽራዋና እናቷ መጥተው እንደማንኛውም ሰው ተራ ያዙ። እናትየዋ ረጅም፣ ጥቁር፣ አጥንተ ሰፊ ሴት ናት፤ ሆስፒታል አንሶላ ታጥባለች። ቬሎውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አስቀምጣዋለች። ከፊታቸው የነበሩት አንድ በአንድ አልቀው ወጡ። ተራቸው ደረሰ። ሙሽራዋ ተነስታ ሻሿን ፈታች።

እትዬ ፀጉሩን አየችው። እጆቿን ወደ ኋላ አደረገች።

"ይቅርታ፣ እንዲህ ያለ ፀጉር እጄ አያውቅም። ሌላ ቦታ ብትሞክሩ ይሻላል" አለች።

ለማያውቃት ሰው የባለሙያ ንግግር ነው፤ ትሕትናም ይመስላል። እኔ ግን እህቴን አውቃታለሁ። እሳት የለበለበው ፀጉር፣ ቀለም የበላው ፀጉር፣ ሕፃን ማስቲካ የለጠፈበት ፀጉር መጥቶ "አላውቅም" ብላ መልሳ አታውቅም። እናትየዋ ልጇን አየቻት፣ ቬሎውን ከጭኗ አንስታ ክንዷ ላይ አደረገች፣ "እግዜር ይስጥልን" ብላ ወጣች። ያን ቀን ሶፍት የፈለገ ሰው አልነበረም።

ማታውኑ ልጇ መጣ። አልተቀመጠም።

"እማዬ፣ አላውቅም ማለትና አልነካም ማለት ይለያያል" አላት፤ ሌላ ቃል ሳይጨምር ወጣ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይሏል ይኼ ነው። በማግስቱ እትዬ ራሴን አመመኝ ብላ ተኛች። እኔ ሄድኩ፤ ስጦታዬን ሰጠሁ፣ ኬኬን በላሁ፣ ጨፈርኩም። ስመለስ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ "ማን ሠራት?" ብላ ጠየቀችኝ። "እናቷ" አልኳት። "አማረባት?" አለች። እኔም ሳልራራላት "ከሠራሻቸው ሙሽሮች ሁሉ በላይ" አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ልጇ ቅዳሜ ቅዳሜ ይደውላል። ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ፣ በቃ። የልጅ ልጅ መወለዷን የሰማነው በስልክ ነው፣ መራመዷንም በስልክ፣ ጥርስ ማብቀሏንም በስልክ። ልጅቷን ሁሉ ሰው ሚጡ ይላታል። እትዬ እሑድ በግድግዳ ሰዓት ሰበብ የምታያት ያቺን ራስ ብቻ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ የምታወራውም ስለዚያች ራስ ነው። "ዛሬ ሹሩባው ወደ ጎን ነበር አይደል? መስመሩን አየሽው? በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው። ያን የሠራ እጅ ቀላል እጅ አይደለም።" እኔ ደንበኛ እያጠብኩ እሰማታለሁ። አንዳንዴ ከባዶው ወንበር ኋላ ቆማ ጣቶቿን ታንቀሳቅሳለች፤ አየር ትጎነጉናለች። ናፍቆት መልክ ቢኖረው ያንን ይመስል ነበር።

"ታዲያ ለምን አትሄጂም?" እላታለሁ።

"በየትኛው ፊቴ?" ትለኛለች።

"አንድ ፊት ነው ያለሽ፣ እሱኑ ይዘሽ ሂጂ።"

ጆሮ ዳባ ልበስ ትላለች።

አንድ ቅዳሜ ስልኩ ያለ ሰዓቱ ጮኸ። ምራቷን ያልታሰበ ምጥ ይዟታል፤ የማዶዋ አያት ከሆስፒታል አትንቀሳቀስም፣ ልጇም እዚያው ነው። "እማዬ፣ ሚጡ ዛሬ አንቺ ጋ ትደር?" አለ። እትዬ ስልኩን እንደያዘች ወንበር ላይ ቁጭ አለች። እኔ ነጥቄ "ትደር፣ አምጣት" አልኩት። ከዚያ ቤቱ ተተራመሰ። ቅዳሜ ቀን ፀጉር ቤት ተዘጋ፤ ካስክ ውስጥ የነበረች ደንበኛ ሳይደርቅላት ተሸኘች። ወተት ተገዛ፣ ብስኩት ተገዛ፣ አሻንጉሊት ተገዛ። አሻንጉሊቷ ወርቃማ ሉጫ ፀጉር ነበራት፤ እትዬ ከፍታ ስታያት ፊቷ ጠቆረ፣ ቁምሳጥን ውስጥ ደበቀቻት።

ሚጡ ትንሽ ቦርሳ አንግባ ገባች። ዓይኗ ቁርጥ የአባቷ ነው። ቦርሳዋ ውስጥ የማደሪያ ልብስ፣ ጥርሱ የተራራቀ የእንጨት ማበጠሪያ፣ ዘይት ያለባት ትንሽ ጠርሙስና አንድ ያረጀ ለስላሳ ጨርቅ ነበሩ።

"አያቴ ናት የላከችው" አለች፤ "ነገ ስለምዘምር።"

እትዬ ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው የሳቀችው መሰላችሁ። "ፀጉር ቤት ማበጠሪያ ይዘሽ መጣሽ? ለሐይቅ ውኃ እንደመላክ እኮ ነው" ብላ ዕቃዎቹን ሰብስባ መስኮቱ ሥር አስቀመጠቻቸው።

ልጅቷን ትልቁ ወንበር ላይ አወጣቻት፣ ከሥሯ ሁለት ትራስ ደረበችላት፣ የቆየውን ሹሩባ ፈታችው። እጇ አሁን ወደ ኋላ አልሄደም። ይልቁንም ይቻኩል ነበር፤ የራበው ሰው እጅ ነበር። ለኔ እንኳ አላስነካችኝም፤ ራሷ አጠበቻት፣ በሞቀ ውኃ፣ ለቅባታም ፀጉር በምናደርገው ኃይለኛ ሻምፖ፣ ሁለቴ። በፎጣ ፈተገች። ካስክ ውስጥ አስገባቻት። ከዚያ በደረቁ፣ በቀጭኑ ማበጠሪያ፣ ከሥሩ ጀመረች። እኛ ጋ የሚመጣው ዞማ ፀጉር እንዲያ ነው የሚሠራው፤ ሁልጊዜም እንዲያ ነው የሠራችው። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት መጽሐፍ አጠበች የሚባለውን ተረት በዓይኔ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ፀጉሩ ተሰብስቦ፣ ተቋጥሮ፣ ራሱ ላይ ተኛ። ማበጠሪያው አልገባ አለ፤ ስትጎትት የልጅቷ አንገት አብሮ ይሄዳል። አንድ ጥርስ ተሰበረ። ሌላ ጥርስ ተሰበረ።

"ተይ እትዬ" አልኳት።

"ትንሽ ነው የቀረው" አለች፤ ምንም አልተጀመረም።

ሚጡ አታለቅስም ነበር። መስታወቱ ውስጥ ግን እንባዋ ዝም ብሎ ሲወርድ ይታየኝ ነበር። ሦስተኛው ጥርስ ሲሰበር ቀና ብላ በመስታወቱ እትዬን አየቻት።

"ፀጉሬ አስቸገረሽ አይደል?" አለች። "ይቅርታ፣ አያቴ።"

እትዬ ማበጠሪያውን አስቀመጠች። አያቴ ተብላ ስትጠራ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነበር። ለዓመታት የናፈቃት ቃል ደርሷት ይቅርታ አስከትሎ መጣ። ያውም ሕፃን ልጅ እግዚአብሔር ራሷ ላይ ላበቀለው ፀጉር የምትለው ይቅርታ። እኔ ወደ ማድ ቤት ገባሁ፤ እኔም ሰው ነኝ።

በማግስቱ እትዬ ምን ታድርግ፣ ያላትን ምርጥ የሐር ሻሽ አውጥታ አሰረችላት። ልጆቹ ሊዘምሩ ሲወጡ የሁሉም ራስ ተሠርቶ፣ ሪባን ታስሮ፣ የሚጡ ብቻ ተሸፍኖ ነበር። ስትዘምር አንድ እጇን ሻሿ ላይ አድርጋ ነበር። የእትዬ ልጅ ከሆስፒታል በቀጥታ መጥቷል፤ ወንድ ልጅ ተወልዶለት ፊቱ አብርቶ ነበር የገባው። ከአምልኮው በኋላ ልጁን አቅፎ ሳማት፣ የሻሿን ጠርዝ በጣቱ ከፍ አድርጎ አየና መልሶ አለበሳት።

"ሸፈንሽው" አለ።

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻል ነበር። እትዬ አፏን ከፈተች፤ ምን ትበል፣ አልቻልኩበትም ነው የምትለው? እሱማ ድሮም ያለችው ነው። አንድ ጊዜ ውሸት ያደረጉት ቃል እውነት ሲሆን የሚያምን አይገኝለትም። ልጇ የልጁን እጅ ይዞ ወደ ሀዲዱ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የቅዳሜው ስልክ አጠረ። አራስ ጠይቁ ያለን የለም። ሚጡ እሑድ እሑድ እንደ ድሮው ሹሩባዋ ተሠርቶ ከሰዓቱ ሥር ትቀመጣለች፤ እትዬ ግን ሰዓት ማየት ተወች። ወደ ኋላ ለመዞር አቅም ያጣች መሰለች። ልጅቷ የእንጨት ማበጠሪያዋን መስኮቱ ሥር ረስታው ሄዳ ነበር። እትዬ ደንበኛ በሌለ ሰዓት እሱን ይዛ ትቀመጣለች። አንድ ቀን ስታሸተው ያዝኳት። የዘይቱ ሽታ ገና አልለቀቀውም ነበር። "ቅናት ነው" አለችኝ ሳልጠይቃት፤ "ያቺ ሴትዮ በየሳምንቱ ያን ራስ ጉልበቷ መሃል ታስቀምጠዋለች። እኔ አንድ ቀን ሰጡኝ፣ አሳመምኩት።"

ቄሱ ስለ መናቅ የሰበኩት በዚያው ሰሞን ነው። አዲስ ነገር አልተናገሩም። እግዚአብሔር የእያንዳንዳችንን የራስ ፀጉር ሳይቀር ቆጥሮ ያውቀዋል አሉ፤ ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነው ነው፣ እኔማ በልቤ ምሳ እያሰብኩ ነበር። እትዬ ግን ቤት ስንገባ ነጠላዋን ሳታወልቅ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ቆመች።

"ፀጉር እንዴት ነው የሚቆጠረው?" አለችኝ።

"እኔ ምን አውቄ። እሱ እግዚአብሔር ነው።"

"ፀጉር በሩቅ አይቆጠርም" አለች። "እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ፣ አውቃለሁ። ጣት አስገብተሽ፣ ለይተሽ፣ ከፍለሽ ነው። የዚያችን ሙሽራ ፀጉር ቆጥሮታል። የእናቷንም። የሚጡንም። እጁ እዚያ ውስጥ ነበር እኮ። እሱ ጣቱን ያስገባበትን ነው እኔ አልነካም ያልኩት። እኔ ማነኝ?"

ማበጠሪያውን አንስታ "ነይ" አለችኝ።

ሀዲዱ ከቤታችን ሩቅ አይደለም፤ ዳቦ ቤቱ ይርቃል። እትዬ ግን ተሻግራው አታውቅም ነበር። ስንሻገር እጄን ያዘችኝ፣ ልጅ ሳለን እኔ እንደምይዛት። ማዶ ያለው መንገድ የኛኑ ይመስላል፤ ጉድጓዱ ሳይቀር። የምራቷን እናት ቤት ጠይቀን አገኘን። ግቢው ውስጥ የሕፃን ጨርቅ ተሰጥቶ፣ ሴትየዋ ደጃፏ ላይ ዝቅ ያለ በርጩማ አስቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ሚጡ አጠገቧ ነበረች፤ እትዬን ስታይ እጇ ሳታውቀው ወደ ራሷ ሄደ። እትዬ ያንን አየች። ቀና ብሎ መቆም ያን ጊዜ ያስከፈላትን እኔ ነኝ የማውቀው፣ እጄ በእጇ ውስጥ ነበር።

"ማበጠሪያውን ላመጣልዎ ነው" አለች እትዬ። እርስዎ ስትላት ሰማሁ።

"ሌላ ገዝተናል" አለች ሴትየዋ። "ግን ይግቡ።"

እትዬ አልገባችም። "ለማበጠሪያው አይደለም የመጣሁት። የልጅቷን ራስ አሳምሜዋለሁ። ያኔም እጄ አያውቅም ያልኩት ውሸቴን ነበር። መማር እችል ነበር። አልነካም ነው ያልኩት፤ እርስዎም ገብቶዎታል። ይቅር ይበሉኝ። ከቻሉ ደግሞ ያስተምሩኝ።"

ሴትየዋ ምስሩን ከጭኗ አወረደች።

"የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም" አለች። "ያን ቬሎ ይዤ ከፀጉር ቤትሽ ስወጣ መንገዱ አልታይ ብሎኝ ነበር። ልጄ እንዳታየኝ ፊት ፊት ሄድኩ። ይቅር ያልኩሽ ያኑ ማታ ነው፣ ይቅር ሳልል አባታችን ሆይ ብዬ መጨረስ ስላቃተኝ። ልቤ ግን እንደ አፌ አልፈጠነም። አንዳንድ እሑድ ያንገትሽን መዞር ሳይ ደስ ይለኝ ነበር፤ ይናፍቃት፣ የታባቷ እል ነበር። ስለዚህ አንቺም ይቅር በይኝ። አንቺ ልበልሽ፤ የልጅ ልጅ አገናኝቶናል።"

እኔ ሶፍት ፈለግኩ፤ ኪሴ ባዶ ነበር። ዕድሜ ልኬን ሳድል ኖሬ የምፈልገው ዕለት አጣሁ።

"እንግዲህ" አለች እትዬ፣ ወደ ሚጡ እያየች፣ "በቀስታ ብሞክር…"

"አይሆንም" አለች ሴትየዋ። "በልጅ ራስ መማር የለም። እሷን አንዴ አስፈርተሻታል።" በርጩማውን ወደ ደጃፉ አስጠግታ፣ ጀርባዋን ለእትዬ ሰጥታ ተቀመጠችና ሻሿን ፈታች። ፀጉሯ ሽበት የወረረው፣ ድፍን ጥቅጥቅ ያለ ነበር። "በኔ ተማሪ። እኔ ቢያመኝ እናገራለሁ።"

እትዬ ከኋላዋ ቆመች። አንድ ዕድሜ ሙሉ የሰው ራስ የነካች ሴት እንደ ጀማሪ ማበጠሪያውን ጨብጣ ቆመች። እጇ ከፍ አለ፣ ቆመ። ከዚያ ወረደ፣ ከነሙሉ መዳፉ፣ ያ ሽበት ላይ አረፈ። ሳትንቀሳቀስ ቆየች። ሴትየዋም አልቸኮለችም፤ ዓይኗን ጨፍና ነበር።

ሚጡ ተነሳች። የዘይቱን ጠርሙስ ይዛ እትዬ አጠገብ መጣችና ቀሚሷን ጎተተቻት።

"መጀመሪያ ዘይት" አለች። "ከዛ ከጫፉ፣ አያቴ። ከሥሩ አይደለም። ከጫፉ ነው የሚጀመረው።"

እትዬ ከጫፉ ጀመረች። እንባዋ አገጯ ላይ ይንጠባጠብ ነበር፤ እጆቿ ግን ሥራ ላይ ስለነበሩ አልጠረገችውም።

ያን ጊዜ ነው ምራቷ ሕፃኑን ታቅፋ ከውስጥ የወጣችው። ስንት እንደሰማች አላውቅም፤ ቤቱ እንኳን ቃል ትንፋሽም የሚያሳልፍ ነው። የደጁን መቃን ተደግፋ የእናቷን ራስና የእትዬን እጅ ትክ ብላ አየች። ምራቷ ሕፃኑን አምጥታ ክንዴ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፣ ሻሿንም ፈታ ጭኗ ላይ አጠፈችው።

"ከእማዬ ቀጥሎ ተራው የኔ ነው" አለች።